ሦስተኛው ሰሌዳ ላይ የተቀመጠው ቁዳ

ሶቢትጆን ፀጉር አስተካካይ ነው። ኮካንድ ከተማ ውስጥ የመዳብ ሠሪዎች ሰፈር ወንዶች ጉሮሯቸውን ለእሱ ምላጭ ሰጥተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ወንበሩ ላይ ያንቀላፋሉ። እጁ ተንቀጥቅጦ አያውቅማ! ከምላጩ ውጪ ያለውን ነገር ግን ሰውየው አንድ ባንድ ይፈራል። ውሻ ይፈራል፤ የኤሌክትሪክ ሶኬት ይፈራል፤ ድልድይ ላይ መሀል ለመሀል ነው የሚሄደው። ሚስቱን ሆሲያትን መፍራቱንም አይክድም፤ የሚክደው እሷው ፊት ብቻ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የአንድ ሽማግሌ ጢም ግማሹን ላጭቶ ግማሹን ሳይጨርስ፣ የሰፈሩ የቼዝ ቡድን አለቃ ሾኪር አካ፣ ጋሽ ሾኪር እንደማለት፣ በሩን በሆዱ ገፍቶ ገባ። ሾኪር አካ ሙያ ትምህርት ቤት ብየዳ ያስተምራል። በመዶሻና በመጋዝ መሀል ሲናገር የኖረ ሰው ስለሆነ፣ ሹክ ሲል እንኳ ጎረቤት ይሰማል።

«ሶቢት! ነገ ከማን ጋር እንደምትጫወት ሰማህ?»

«ከዓምናው ሰውዬ ጋር ነዋ። ከባንኩ ዘበኛ።»

«ዘበኛው ቀረ። ሦስተኛው ሰሌዳ ላይ ቁዳህን አስቀምጠውልሃል።»

ምላጩ ቆመ። ሽማግሌው አንድ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ልጄ፣ መጀመሪያ ምላጩን ከጉሮሮዬ ላይ አንሳልኝ፤ ከዚያ በኋላ እንደልብህ ደንግጥ» አሉት።

ቁዳ ማለት ልጆቻቸውን የሚያጋቡ ወላጆች የሚጠራሩበት ስም ነው፤ እዚህ ቁዳ የተባለው ቃምባራሊ ነው፤ የሶቢትጆን ልጅ የሙናቫር እጮኛ አባት። የተጋጣሚው የቦይ ማዶ ሰፈር ሰው ነው፤ የበግ ነጋዴ፣ አንገተ ወፍራም፣ ሲቆጣ መጀመሪያ ጆሮው የሚቀላ። ሁለቱ ቤተሰብ በጸደይ ተገናኝተው ዳቦ ቆርሰዋል። ዳቦ ከተቆረሰ ልጅቷ ተሰጠች ማለት ነው። ሰርጉ የጥጥ ለቀማው እንዳለቀ እንዲሆን ቀን ተቆርጧል፤ ጨርቅና ስጦታ ከወዲህም ከወዲያም ተልኳል። ቃምባራሊ ቼዝ ባይጫወት ኖሮ እንከን የሌለው ጋብቻ ነበር።

መጫወቱስ ደህና ይጫወታል። ያቃተው መሸነፍ ነው። በአንድ ጨዋታ የተነሳ ከገዛ ወንድሙ ጋር ከተዘጋጋ ዓመታት አልፈዋል። አንድ መስጊድ ይሰግዳሉ፤ ሰላም የሚባባሉት ግን በኢማሙ በኩል ነው። ይሁን፣ ወንድማማች ይጣላል። የሶቢትጆንን ቆሌ የገፈፈው ሌላው ወሬ ነው። የቃምባራሊ የእህቱ ልጅ አንዲት የማርጊላን ከተማ ልጅ አጭቶ ነበር አሉ። የልጅቷ አጎት ግብዣው ላይ ቃምባራሊን ቼዝ አሸነፈውና ሳቅ አለ። በማግስቱ የልጅቷ ቤት የላከው ስጦታ ሁሉ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በሁለት ሴቶች እጅ፣ ወደመጣበት ተመለሰ። ዳቦው ሻረ።

«ሾኪር አካ፣ ቀይሩኝ» አለ ሶቢትጆን።

«ስም ገብቷል፤ አይቀየርም።»

«አሞኛል።»

«ምንህን?»

«ሁሉንም።»

«እዚያው ያሽሃል። ስማ፣ አንተ ሰው፣ ደጋግመን የተሸናፊ ሩዝ አብስለናል። ዘንድሮ እነሱ ሽርጥ ይታጠቁ!»

ደንቡ እንዲህ ነው። ተሸናፊው ሰፈር ሽርጥ ታጥቆ ለአሸናፊው ፓሎቭ፣ ሩዝ ከበግ ሥጋ ጋር፣ ያበስላል። የተሸነፈ ሰው ያሸነፈውን ሰው በገዛ እጁ ያስተናግዳል። ሶቢትጆን ቃምባራሊን በሽርጥ አሰበው።

«አቻ ብወጣስ?» አለ ቀስ ብሎ።

«ዋንጫው ያለው እነሱ ዘንድ ነው፤ እኩል ከወጣን እዚያው ይቀራል። ነገ አቻ ልውጣ ወይ ብለህ ብትጠይቀኝ መልሴን ከወዲሁ ልንገርህ?»

«አይንገሩኝ» አለ ሶቢትጆን። ሽማግሌው በግማሽ ጢማቸው ሳቁ።

ማታ እራት ላይ ነገሩን ለሆሲያት ነገራት። ሆሲያት ነገር ማክበድ አትወድም።

«የሙናቫር አባት፣ ይሸነፉላቸዋ! ምን ይከብዳል? ሲሸነፉ አይደል የኖሩት?»

«እንዳወራሽው ቀላል አይደለም። ሾኪር አካ ያውቅብኛል። ሰፈሩ ሁሉ ያውቅብኛል። ‹ሰፈሩን ለልጁ ሰርግ ሸጠ› ብለው ፀጉራቸውን እዚያ ማዶ ሄደው ይቆረጣሉ።»

«ፀጉራቸው ይደግ! ልጅዎን የሚያገባት ሾኪር አካ ነው?»

ሙናቫር ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ሊጥ ታሻለች። የሕፃናት ሆስፒታል ነርስ ናት፤ እጮኛዋን ኢክሮምን ያወቀችው ጠዋት ጠዋት በምትሳፈርበት አውቶቡስ ነው። ዳቦ ከተቆረሰ ወዲህ ግቢ ስትጠርግ ታንጎራጉር ነበር። ያን ማታ ድምፅ የለም። አባቷ አያት፤ ያንኑ አንድ ሊጥ ትጠቀልለዋለች፣ ትዘረጋዋለች፣ መልሳ ትጠቀልለዋለች።

«አንቺስ ምን ትያለሽ ልጄ?»

«እንደፈለጉ ያድርጉ አባ።»

ብታለቅስ ይሻለው ነበር። እራቱን ሳይጨርስ ሳህኑን ገፋው።

እሁድ ቦዩ ዳር ያለው ሻይ ቤት ገና በጠዋት ሞልቶ ጠበቀው። ዝግባ ከሚያክለው የቼናር ዛፍ ሥር አራት ሰሌዳ ተዘርግቷል። ዳኛዋ ማስቱራ ኦፓ፣ እትዬ ማስቱራ፣ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የፖስታ ቤት ኃላፊ፣ ፊት አይተው የማያደሉ ሴት። ሰሌዳ ላይ ከተቀመጡ በኋላ ወሬ የሚባል ነገር የለም። አቻ ለመጠየቅ ካልሆነ በቀር አንድ ቃል ያወጣን ሰው፣ የገዛ ወንድማቸውም ቢሆን፣ ከሰሌዳው ያስነሱታል። አስነስተውትም ያውቃሉ።

ቃምባራሊ መጣ። ሶቢትጆን ከመቀመጫው ብድግ ብሎ እጁን ደረቱ ላይ አደረገና ሰላምታውን አወረደው። ጤናዎ እንዴት ነው፣ ቤት እንዴት ነው፣ የኢክሮም እናት ደህና ናቸው፣ በጎቹስ፣ ወገብዎትስ ተሻለዎት። በረጅሙ ሲያወርደው እስኪጨርስ ቃምባራሊ ሰሌዳውን ነበር የሚያየው።

«ደህና ነን ቁዳ» አለና ተቀመጠ። በቃ። ዓይኑን ቀና አላደረገም።

ሶቢትጆንም ቁጭ አለ። ይኼ ሰው ገና ሳይጀመር ተቆጥቶብኛል አለ በልቡ።

ነጩ ለቃምባራሊ ደረሰው። የንጉሡን ወታደር ሁለት ቤት አራመደ። የሶቢትጆን እጅ ሳይታዘዝ ሄዶ፣ ከንግሥቲቱ ዝሆን ፊት ያለችውን ወታደር ሁለት ቤት አወጣ። ሲሲሊያ የሚባለው መከላከያ ይኼው ነው። ፊት ለፊት አይጋፈጥም፤ ከጎን መጥቶ መሀሉን ይነክሳል። ከሲሲሊያም ሶቢትጆን የሚጫወተው ዘንዶ የተባለውን ነው። ጥቁሩ ዝሆን ከንጉሡ አጠገብ ጥግ ይዞ ይተኛና ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር በማዕዘን ያፈጥበታል። ነጩ ንጉሥ በግራ፣ ጥቁሩ ንጉሥ በቀኝ ይሸሸጋሉ። ከዚያ ወዲያ እሽቅድምድም ነው፤ ቀድሞ የሌላውን አጥር የሰበረ በላ።

በሲኒ ክዳን ድምፅ የሚበረግግ ሰው እንዲህ ያለውን ጨዋታ ለምን እንደመረጠ ሰፈሩ ሁሉ ይገረማል። እሱ አልመረጠውም። በልጅነቱ አጎቱ ያስተማረው ይኼን ብቻ ነው፤ ሌላ መማር ደግሞ ፈራ።

ጨዋታው እየገፋ ሲሄድ ሶቢትጆንን አዲስ ፍርሃት ያዘው። እያሸነፈ ነው። ሊያሸንፍ አስቦ አይደለም። እጁ የለመደውን ሲያደርግ ቁሶቹ በየቦታቸው ገቡለት። ግንቡ በተከፈተው መስመር ላይ ቆሞ የነጩን ፈረስ ፊት ለፊት ያየዋል። ያ ፈረስ የቃምባራሊ ንጉሥ በር ጠባቂ ነው። ሲሲሊያን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይቺን ያውቃታል። ግንቡን ሰጥተህ ፈረሱን ትበላለህ። ለማያውቅ እብደት ነው፤ ትልቁን በትንሹ መለወጥ። የሚያውቅ ግን ከዚያ በኋላ የንጉሡ ቤት ጣራ እንደሌለው ያያል።

ሶቢትጆን ጣራ የሌለው ቤት ሲያይ የታየው የሙናቫር የስጦታ ሳጥን ነው። ስለዚህ ሆን ብሎ አበላሸ። ማንንም የማትነካ፣ ማንም የማይፈልጋት የጥግ ወታደር አለች፤ እሷን አንድ ቤት ገፋትና ሰዓቱን መታ። እጁን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ ‹እንግዲህ ይምቱኝ› ብሎ ጠበቀ።

የቃምባራሊ ጆሮ ቀላ።

ወታደሯን አያት። ሶቢትጆንን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየው። መልሶ ወታደሯን አያት። ሰዓቱ ይቆጥራል፤ እሱ አገጩን ይዞ ወጥመዱን ይፈልጋል። ወጥመድ የለም፤ ያላስቀመጡትን ከየት ያምጣ? በመጨረሻ ማጥቃቱን ተወና ንጉሡን አንድ ቤት ወደ ጥግ አሸሸ። በሚቀጥለውም ተራ ሌላ መከላከያ ጨመረ። ሊሸነፍ የሞከረው ሰው ይባስ ብሎ ተሻለው! ሶቢትጆንን ላብ አጠመቀው። እኔ መሸነፍ እንኳ አልችልም አለ፤ ሆሲያት ብትሰማ አታምነውም።

ሌሎቹ ሰሌዳዎች በዚህ መሀል አለቁ። አንደኛው ላይ መዳብ ሠሪዎች አሸነፉ፤ ሁለተኛው ላይ ተሸነፉ፤ አራተኛው አቻ ወጣ። ሰዉ ሁሉ ሲኒውን ይዞ መጥቶ ሦስተኛውን ሰሌዳ ከበበ። ሾኪር አካ መርጦ ከቃምባራሊ ትከሻ ጀርባ ቆመ፤ ሶቢትጆን ዓይኑን ባነሳ ቁጥር ያን ፊት እንዲያይ። መናገር ክልክል ነው፤ ቅንድብ ግን ማንም አልከለከለም።

ሶቢትጆን ጣቱን አነሳ።

«ማስቱራ ኦፓ፣ አቻ ልጠይቅ ወይ ብዬ አለቃዬን ልጠይቅ?»

«ጠይቅ። ሌላ ቃል እንዳትጨምር።»

«ሾኪር አካ፣ አቻ—»

«አይሆንም!»

ቦዩ ላይ የነበሩ ዳክዬዎች ተነስተው በረሩ።

የሻይ ቤቱ ባለቤት አዲስ በራድ አምጥቶ በሁለቱ መሀል አስቀመጠ። መቅዳት የታናሹ ነው። ሶቢትጆን ሻይ መቅዳት ያውቃል፤ በሕይወቱ ስንት ሺህ ሲኒ ቀድቷል። ለሚያከብሩት ሰው ጥቂት ነው የሚቀዳው፤ ጠብ ይደረግለታል፣ ሲጠጣ እንደገና ጠብ ይደረግለታል፤ በየጊዜው ላገልግልህ ማለት ነው። የሞላ ሲኒ ግን ሌላ ነው። የሞላ ሲኒ ‹ጠጣና ውጣልኝ› ማለት ነው። ልጅ እንኳ አይሳሳተውም።

በራዱን አነሳ። ዓይኑ ግንቡ ላይ ነው። ግንቡን ወደኋላ ልመልሰው? ብመልሰው ሾኪር አካ ይገድለኛል፤ ባልመልሰው ልጄ... ብመልሰው ግን የት ነው የምመልሰው? አንድ ነገር ጣቱን አቃጠለው። ዝቅ ብሎ አየ።

የቃምባራሊ ሲኒ እስከ አፉ ሞልቶ ሰሌዳው ጠርዝ ላይ ይፈስሳል።

ከበው የቆሙት ሰዎች ትንፋሻቸውን ዋጡ። ከኋላ አንዱ አልቻለም፤ «ወይ ጉድ! ቁዳውን አባረረው!» አለ።

«ዝም በሉ!» አሉ ማስቱራ ኦፓ።

የሶቢትጆን ደም ከፊቱ ወርዶ የት እንደገባ አይታወቅም። «ቁዳ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ እኔ—»

«ሶቢትጆን! አንድ ቃል ብትደግም አስነሳሃለሁ።»

ይቅርታ እንኳ መጠየቅ አይቻልም። በእጁ ምልክት ሊያሳይ ሞከረ፤ ወደ በራዱ ጠቆመ፣ ወደ ራሱ ጭንቅላት ጠቆመ፣ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ከሩቅ ለሚያየው ‹ይኼ ሰው ሻይ አይገባውም› የሚል ይመስላል። ተወው።

ቃምባራሊ ሲኒውን ለረጅም ጊዜ አየው። ጆሮው ብቻ ሳይሆን አንገቱም ቀላ። ከዚያ ሲኒውን በሁለት ጣቱ ጠርዙን ይዞ አነሳና፣ የሚፈላውን ሻይ እስከ ታች፣ አንዴም ሳያርፍ ጠጣው። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ባዶውን ሲኒ አስቀመጠ። ከመቀመጫው ግን አልተነሳም። በጣቱ ወደ ሰዓቱ ጠቆመ፤ ያንተ ተራ ነው።

ሶቢትጆን ሰሌዳውን አየ። ቀና ሲል የቃምባራሊን ዓይን አገኘው። ቃምባራሊም የሚያየው ግንቡን ነበር። ያውቃታል! ሰውየው የሚመጣውን አይቶ ተቀምጦ እየጠበቀ ነው። አሁን ግንቡን ወደኋላ ቢመልስ፣ በሁለት ሰፈር ሰው ፊት ‹ውጣልኝ› ካለው በኋላ ‹አዝኜልሃለሁ› ሊለው ነው። ሶቢትጆን ከማሸነፍና ከማዘን የትኛው የባሰ እንደሚያስፈራው መረመረ። ጥርሱ እየተንገጫገጨ ግንቡን አነሳ፤ እጁ ግን ምላጭ እንደያዘ ሰው ቀጥ ብሎ ሄዶ ፈረሱን በላው።

ሾኪር አካ የራሱን ባርኔጣ ነከሰ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ነጩ ግንቡን በላ፤ ጥቁሯ ንግሥት በጎን ወረደች፤ ጥግ ተኝቶ የነበረው ዝሆን መንገዱ ተከፈተለት። ያቺ ሆን ብሎ ያበላሸባት የጥግ ወታደር እንኳ ሄዳ ሄዳ ለነጩ ንጉሥ የመሸሻ በሩን ዘጋችበት። ቃምባራሊ ሰዓቱን አቆመ፤ ተሸንፌያለሁ ማለቱ ነው። ተነሳ። እጁን አልዘረጋም፤ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ሰዉን በትከሻው ከፍሎ ወደ ሻይ ቤቱ ጀርባ ሄደ።

መዳብ ሠሪዎች ጮኹ። ሶቢትጆንን ሊሸከሙት አነሱት፤ እሱ ከትከሻ ላይ ሆኖ የሚታየው ያ እየራቀ የሚሄድ ወፍራም ጀርባ ብቻ ነው። ሲያወርዱት በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኮ፣ ካፖርቱን ወንበሩ ላይ ትቶ፣ በቦዩ ዳር ወደ ቤቱ ሮጠ።

«አሸነፉ?» አለች ሆሲያት በሩ ላይ። «ስንት ጊዜ ሲሸነፉ ኖረው ዛሬን መርጠው?»

«የሙናቫር እናት፣ ማሸነፉስ ይሁን...»

«ሌላ ምን አለ?»

«ሻይ ሞልቼ ቀዳሁለት።»

ሆሲያት ይዛው የነበረውን መጥረጊያ ለቀቀችው። ከዚያ ራሷም ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

«ለቁዳ? ሞልተው?»

«እስኪፈስ።»

ፀሐይ ወደ ቤቶቹ ጣራ ዝቅ እያለች ነው፤ ሶቢትጆን ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ መንገዱን ያዳምጣል። ጋሪ ሲያልፍ ይበረግጋል፤ የጎረቤት በር ሲንኳኳ ይበረግጋል። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር የያዙ ሁለት ሴቶች በየመንገዱ ማዕዘን ይታዩታል።

ከውስጠኛው ክፍል የሳጥን ክዳን ሲከፈት ተሰማ። ተነስቶ በመጋረጃው አጮልቆ አየ። ሙናቫር ከማዶ የተላከላትን ጨርቅ እያወጣች አንድ ባንድ ታጥፋለች። እነሱ የእኛን ከመለሱ የእነሱን መመለስ ግድ ነው፤ ለዚያ እያዘጋጀች ነው። አላለቀሰችም። ጫፍ ከጫፍ እያገጣጠመች፣ በመዳፏ እያስተካከለች ታጥፋለች፤ ሆስፒታል የታመመ ልጅ አንሶላ እንደምታጥፍ።

ሶቢትጆን ዕድሜውን ሙሉ የፈራው ነገር ሁሉ አንድ ላይ ቢመጣ ይኼን አያክልም ነበር።

በሩ ተንኳኳ።

«የለንም በያቸው» አለ።

«በሩ ክፍት ነው የሙናቫር አባት፤ እያዩን ነው» አለች ሆሲያት።

መጀመሪያ የገቡት የቃምባራሊ ሚስት ሳኖባር ናቸው። በሁለት እጃቸው በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ትልቅ ነገር ተሸክመዋል። ከኋላቸው ቃምባራሊ ገባ። ዓይኑ ቀልቶ አብጧል። ሶቢትጆን ክው አለ። አልቅሷል! ያ ሰው በእኔ የተነሳ አልቅሷል!

ሳኖባር ጥቅሉን ምንጣፉ መሀል አስቀመጡ። ማንም እጁን አልዘረጋም። መጋረጃው ነቅነቅ አለ፤ ሙናቫር ጀርባው ቆማለች።

«ይፍቱት» አለ ቃምባራሊ ለሆሲያት። አነጋገሩ ተንተፍተፍ ይላል፤ ምላሱ ተቃጥሏል።

ሆሲያት የጨርቁን ቋጠሮ ፈታችው። እንፋሎት ወጣ። ሩዝ፣ ካሮት፣ የበግ ሥጋ፤ ትልቅ ሳህን ሙሉ ፓሎቭ። ያኔ ነው ሶቢትጆን ያስተዋለው፤ ቃምባራሊ ከኮቱ ሥር ሽርጥ ታጥቋል።

«አሸንፈህ ትሸሻለህ?» አለ ቃምባራሊ። «ሽንኩርቱን ስከትፍ ዓይኔ ጠፋ። አብስዬ፣ ሳህኑን ተሸክሜ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ወደ ቦታህ ስሄድ ያገኘሁት ካፖርትህን ነው! ለካፖርት ላጉርስ? ሰው ምን አለ መሰለህ? ‹ቁዳው ያበሰለውን አልበላም ብሎ ሄደ› አለ። ከመሸነፉ ይልቅ ያዋረደኝ ይኼ ነው።»

«እኔ እኮ... ዝም ብለው ሲሄዱ...»

«ዝም ያልኩት ልጄ ያለኝን አስታውሼ ነው። ‹አባ፣ ዛሬ ተሸንፈው ክፉ ቃል ከአፍዎ ቢወጣ እኔን ኢክሮምን ሩሲያ ተሰደደ ብለው ይቁጠሩኝ› አለኝ ጠዋት። ስሸነፍ አፌ ምን እንደሚያወጣ እኔም አላውቅም። ሰላምታህን እንኳ በቅጡ ያልመለስኩልህ ፈርቼ ነው። አፌን ዘግቼ ሄጄ ሽንኩርት ያዝኩ።»

«ፈርተው?» አለ ሶቢትጆን። ይኼን ቃል ከሌላ ሰው አፍ ሰምቶት አያውቅም።

«አንተ ብቻ ነህ መፍራት የምታውቀው?»

ሳኖባር በመጎናጸፊያቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ ሳቅ ይሁን ሌላ አልታወቀም።

ቃምባራሊ ግን አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ ፊቱን ወደ ሶቢትጆን አቀረበ። ጆሮው እንደገና እየቀላ ነው።

«አንድ ነገር እጠይቅሃለሁ። ያቺን የጥግ ወታደር ለምን ገፋሃት?»

ሶቢትጆን ሆሲያትን አየ። ሆሲያት በዓይኗ ‹ዋሽ!› አለችው። ውሸት ፈለገ፤ ከፍርሃቱ ብዛት አንድም አልመጣለት።

«ልሸነፍልዎት ብዬ ነው።»

«ለምን?»

«ልጄን ብዬ። ዳቦው እንዳይሽር።»

ቃምባራሊ ተነፈሰ፤ ከሳህኑ የሚወጣው እንፋሎት እስኪዘም ድረስ። ወንድሙ ትዝ ብሎት ይሁን፣ የማርጊላኗ ልጅ፣ አልተናገረም። ቁጭ ብሎ ሽርጡን ጉልበቱ ላይ ሲያስተካክል ቆየ።

«ሰው እንዲህ ነው የሚፈራኝ?» አለ በመጨረሻ፤ ሶቢትጆንን ሳይሆን ሚስቱን።

«እንዴታ!» አሉ ሳኖባር። «እኛ ለምደነው ነው።»

ቃምባራሊ እጁን ሳህኑ ውስጥ አስገባ። ሥጋ ያለበትን ሩዝ በጣቶቹ አድበልብሎ ወደ ሶቢትጆን አፍ ዘረጋ። ሶቢትጆን ዓይኑን ጨፍኖ አፉን ከፈተ፤ ልክ ወንበሩ ላይ ጉሮሯቸውን እንደሚሰጡት ሰዎች። ጎረሰ። ጨው በዝቶበታል፤ ይኼን ሚስጥር እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገረም።

«ሰርጉ በቀኑ ነው» አለ ቃምባራሊ።

ከመጋረጃው ጀርባ የሳጥን ክዳን ቧ ብሎ ተዘጋ።

«ግን አንድ ነገር አለ።»

የሶቢትጆን ጉርሻ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ።

«ሰሌዳህን አምጣ። ያቺን ወታደር ሳትገፋ እንደገና ትጫወተኛለህ። አሁን፣ እዚሁ። ነጩ የኔ ነው። ሲሲሊያውን አውጣ፤ ከልብህ አውጣው! ከዛሬ ወዲያ ራርተህልኝ ያየሁህ ቀን ያኔ ፍራኝ።»

ሶቢትጆን ሰሌዳውን ከመደርደሪያው አወረደ። ሁለቱ ወንዶች ቁሶቹን ሲደረድሩ ሳኖባርና ሆሲያት ወደ መጋረጃው ጀርባ፣ ሙናቫር ወደቆመችበት ገቡ።

«የኢክሮም እናት» አለች ሆሲያት ሹክ ብላ፣ የቁዳዋን ክንድ ጭምድድ አድርጋ ይዛ፣ «ቢያንስ ከሰርጉ በኋላ ቢያደርጉት ምን ነበር?»

ቃምባራሊ የንጉሡን ወታደር ሁለት ቤት አራመደ።